ዝቋላ በአቶ ዳኛቸው ወርቁ ልቦለድ ውስጥ

ከአዳማ (ናዝሬት) ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚጓዝ ሰው፣ ከሜዳው ላይ ለብቻው የቆመውን የዝቋላን ተራራ በስተግራው ያያል። ተራራው እሳተ ገሞራ የሠራው ሲሆን ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ በራሱም ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኙበታል። አቶ ዳኛቸው ወርቁ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ልቦለድ፣ በአማርኛ «ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ልንለው የምንችለው፣ ታሪኩ የሚያመራው ወደዚሁ ተራራ ነው። በስምጥ ሸለቆ አፋፍ የሰውና የተፈጥሮ ግንኙነት በልቦለድ እንዴት እንደ ተሣለ ለሚመረምር ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት አይበታለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጠና የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ከልጆቻቸው ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ይወጣሉ፤ በአንድ ገበሬ ቤት ያርፋሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ተስፋ ሌላ የጠንቋይም ሥርዓት ይሞከርላቸዋል፤ ነገር ግን አይድኑም።

ባለርስት ከጭሰኛው ግብር እንደሚጠብቅ ሁሉ ፊታውራሪውም ከተራራው ጤና ይጠብቃሉ፤ ተራራው ግን አይገብርላቸውም። የደራሲው ብርታት እዚህ ላይ ነው። በሕዝቡ ዘንድ የሚተረከውን ላስታወሰ አንባቢ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ጻድቁ በዝቋላ ሐይቅ ውስጥ በራሳቸው ተተክለው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ እንደ ጸለዩ ይነገራል፤ በሥዕላቸውም አንበሳና ነብር ከብበዋቸው፣ ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያሉ። ጻድቁ ለወፏ ከራሳቸው ውሃ ሲሰጡ፣ ፊታውራሪው ከተራራው ለመውሰድ ብቻ ይመጣሉ። ርእሱም ቢሆን «የዐሥራ ሦስት ወር ጸጋ» እየተባለ ለአገር ጎብኚ የተነገረውን ማስታወቂያ በምጸት የሚያነሣ ይመስለኛል።

ጉድለቱ ግን ከባለአገሩ ላይ ነው። በዝቋላ ግርጌ የሚያርሰውና ከብት የሚያረባው በአብዛኛው ኦሮሞ ነው፤ ተራራውንም በቋንቋው ጩቃላ ይለዋል፤ ከገዳሙ ተሳላሚዎች ጎን ለጎን በራሱ ልማድ ሲያከብረው ኖሯል። በልቦለዱ ውስጥ ገበሬው ይበልጥ የሚታወቀው ከእንግዶቹ ጋር ባለው ጉዳይ ነው፤ ከማሳው፣ ከበሬውና ከዝናቡ ጋር ያለው ኑሮ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ተራራው መጥቶ የሚሄድ ሰው የሚያየው ተራራ ሆነ።

«ደራሲው ሆን ብለው ነው፤ የሚያሳዩት የመኳንንቱን አለማየት ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። በከፊል እቀበለዋለሁ። ነገር ግን የአንድን ሰው ዕውርነት ለማሳየት እርሱ ያላየውን ነገር ለአንባቢው ማሳየት ያስፈልጋል። አቶ ዳኛቸው ይህን እንደሚችሉ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት «አደፍርስ» አስመስክረዋል፤ በዚያ የደብረ ሲና አካባቢ ሰው በገዛ አማርኛው፣ በተረቱና በክርክሩ አገሩን ራሱ ይናገራል። በዝቋላ ግን የፊታውራሪው አማርኛና የአካባቢው ሕዝብ ኦሮምኛ በአንድ እንግሊዝኛ ውስጥ ቀልጠዋል፤ ማን በማን ቋንቋ እንደሚለምን፣ ማንስ አስተርጓሚ እንደሚሻ አይሰማም። ለዘር ጥናት ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስለ አንድ ምንጭ ወይም ዛፍ የሚነገረው ሁሉ በቋንቋው ስም ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራልና።

ልቦለዱ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የፊታውራሪ ወልዱ ዓይነት ባለርስትም ቀረ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ግን ተሳላሚው እስከ ዛሬ ዝቋላ ይወጣል፤ ገበሬውም በግርጌው ያርሳል። የእነዚህን ሰዎች ዝቋላ በኦሮምኛ የሚጽፍ ደራሲ ከአዳማ ወይም ከቢሾፍቱ ቢነሣ፣ ከአቶ ዳኛቸው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይቻል ነበር።