ስላይዱ ባዶ ሲመስል

የደም ካልቸር ማሽኑ «እድገት አለ» ብሎ ሲጮህ፣ ስላይዱ ላይ ግን ምንም ሳይታይ ሲቀር፣ ማንን ታምናላችሁ? ላብራቶሪያችን ለሚመጡ ወጣት ባለሙያዎች አስቀድሜ የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አብዛኞቹ ዓይናቸውን ያምናሉ። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው፤ የታካሚው ነጭ የደም ሴል ሲበዛ ማሽኑ ይሳሳታል። እኔ ግን ጠርሙሱን ከመመለሴ በፊት ቅጹን አነባለሁ። ታካሚው ጉበቱ የተጎዳ፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ጨቅላ ሕፃን ከሆነ፣ ካምፒሎባክተር የተባለውን ባክቴሪያ እጠረጥራለሁ።

ካምፒሎባክተር በአብዛኛው ከአንጀት አያልፍም። ባልበሰለ ዶሮ ወይም ባልፈላ ወተት ይገባል፤ ሆድ ቆርጦ፣ አስቀምጦና አተኩሶ ባብዛኛው በሳምንት ገደማ ይለቃል። በጣም የተለመደው ዝርያ፣ ጀጁኒ፣ ደም ውስጥ የሚገኘው ከመቶ ታማሚ ከአንድ ባነሰው ነው፤ ደማችን ውስጥ ያሉት ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች ይገድሉታል። ፊተስ የተባለው ዘመዱ ግን ከላይ የፕሮቲን ልብስ ስላለው ኮምፕሊመንቱ አይዘውም። ከአንጀት ወጥቶ ደም ውስጥ ይሰነብታል። የደም ሥር ግድግዳ ይስማማዋል፤ የልብ ቫልቭ ላይ፣ የተለጠጠ ደም ወሳጅ ላይ፣ አንዳንዴም መገጣጠሚያና አከርካሪ ላይ ይሰፍራል። ጨቅላዎችን ማጅራት ገትር ያስይዛል። ታካሚው ጭራሽ ተቅማጥ ላይኖረው ይችላል፤ ትኩሳት ብቻ ይዞት ይመጣል።

ስላይዱ ባዶ የሚመስለው ባክቴሪያው ቀጭንና ጠማማ ስለሆነ፣ በግራም ቀለም ማብቂያ ላይ የምናፈሰውንም ሳፍራኒን እምብዛም ስለማይቀበል ነው። ከደሙ ቅሪት ሮዝ መልክ ጋር ይመሳሰልና ያመልጣል። መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ የቲቢ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አክታ የምናቀልምበትን ካርቦል ፉክሲን አቅጥኜ በሳፍራኒኑ ፋንታ አፈሳለሁ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌም አቆየዋለሁ። ያኔ ደቃቅ ቀያይ ኮማዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ሁለቱ ሲያያዙ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላሉ። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ ሳይደርቅ ካየሁ ደግሞ ተስፈንጥሮ ድንገት አቅጣጫ የሚቀይር እንቅስቃሴ ያሳየኛል።

ማየት አንድ ነገር፣ ማሳደግ ሌላ። እዚህ ላይ የሚጋርደን የራሳችን ልማድ ነው። ሰገራ ውስጥ ካምፒሎባክተር የምንፈልግበት አሠራር በጀጁኒ ልክ የተሰፋ ነው፤ ኢንኩቤተሩ 42 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዱ ሚድያ ደግሞ ሴፋሎቲን የሚባል አንቲባዮቲክ አለበት። ፊተስ ብዙውን ጊዜ 42 ላይ አያድግም፤ ሴፋሎቲንም ያጠፋዋል። እሱን ለማግኘት 37 ዲግሪ፣ አንቲባዮቲክ ያልገባበት ብለድ አጋርና ኦክስጅኑ ወደ 5 በመቶ የወረደ አየር ያስፈልጋል። ሻማ አብርተን የምንከድነው ዕቃ ኦክስጅኑን ይህን ያህል አያወርደውም። በማግስቱ ታይቶ የሚጣል ፕሌትም ለእሱ አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

ታሪኩን ላየው ሰው ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ስሚዝና ቴይለር ከጨነገፈ የከብት ፅንስ ለተገኘው ባክቴሪያ፣ ለፊተስ፣ ስም አወጡለት። በ1947 ፈረንሳይ ውስጥ ቪንዘንና ባልደረቦቹ ከነፍሰ ጡር ደም አገኙት። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ኪንግ በ1957 ዛሬ ጀጁኒ የምንለውን ዓይነት ለይታ ስትጽፍም መነሻዋ ደም ነበር። ከሰገራ በቀላሉ ማሳደግ የተለመደው እንግሊዛዊው ስኪሮው በ1977 አንቲባዮቲክ የገባበትን ሚድያ ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። በደም የታወቀው ባክቴሪያ፣ የሰገራው መንገድ ሲመቻች የአንጀት ብቻ መሰለን። «ብርቅ» ከምንለው ውስጥ የተወሰነው በአፈላለጋችን የተነሳ ብርቅ የሆነ ነው።

ለሐኪሙስ ይህ ልፋት ምን ይፈይዳል? ዎርድ ላይ ላተኮሰው ሰው ቶሎ የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶን ነው፤ ፊተስ ላይ ደግሞ አያስተማምንም። ሕመሙ ሲጠና እንደ ሜሮፔነም ያለው ይመረጣል፤ የደም ሥር ከተያዘ ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ጠማማውን እንዳየሁ እስኪያድግ አልጠብቅም፣ እደውላለሁ። «ዶክተር፣ ታካሚው አባት ከብት ያረባሉ? ወተቱ ይፈላል? ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ጉበት ይበላሉ?»

«እሱንማ ማን የማይበላ አለ!» ብሎኛል አንድ ሬዚደንት እየሳቀ።

እውነቱን ነው። ለዚህም ነው ከጥሬ ሥጋው ቀጥዬ ስለ ጉበታቸው፣ ስለ ስኳራቸውና ስለሚወስዱት መድኃኒት የምጠይቀው። አንድ ገበታ ላይ ከቀረቡት መካከል ደሙ ባክቴሪያውን መመከት የሚያቅተው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ይሄኛው መልስ ነው።

ያልተገኘ ጊዜ «ባክቴሪያ አልተገኘም» ብሎ መፈረም አያስቸግርም። እኔ ግን በምን ቀለም እንዳየሁ፣ በስንት ዲግሪ፣ በምን ዓይነት አየርና ለስንት ቀን እንዳቆየሁ አብሬ እጽፋለሁ። ሐኪሙ አንብቦ «37 ላይስ ለምን አልሞከራችሁም?» ብሎ ቢሞግተኝ ደስ ይለኛል። ወጣቶቹ ቅጹ ይህን ሁሉ የሚያስጽፍ ቦታ የለውም ይሉኛል። ጀርባው ላይ ጻፉት እላቸዋለሁ።