«ጉራጌ» የሚለው ስም፤ አመጣጡ፥ ትርጉሙና ስፋቱ

በአገራችን ስለ ሕዝብና ስለ አገር ስም አመጣጥ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንገድ ይከተላል። ጸሐፊው ስሙን ከሁለት ወይም ከሦስት ይቈርጠዋል፤ ቍራጮቹን በሚያውቀው ቋንቋ ይፈታቸዋል፤ ከዚያም በፍቺው ልክ ታሪክ ሰፍቶ ያለብሰዋል። ፍቺው ለጆሮ ከጣመ ምስክር የሚጠይቅ አይገኝም፤ ከአፍ ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍም ወደ ትምህርት ቤት ይገባና ሲውል ሲያድር እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቈጠራል። «ጉራጌ» የሚለውም ስም ከዚህ ዕድል አላመለጠም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሕዝቡን ታሪክ በሙሉ አይደለም፤ ስሙ እንዴት እንደ ተፈታና ፍቺው የተጫነበትን ታሪክ ለመሸከም ይችል እንደሆነ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ፍቺ ስሙን «ጉራ» እና «ጌ» ብሎ የሚከፍለው ነው። ጉራ፥ በትግርኛ አጻጻፍ ጉራዕ፥ በአካለ ጉዛይ የሚገኝ ስፍራ ሲሆን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ድል ያደረጉበት በመሆኑ ለታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «ጌ» ደግሞ አገር ወይም መንደር ማለት ነው ይባላል። የቃል ታሪኩ እንደሚለው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፥ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1314 እስከ 1344 ባለው ጊዜ፥ አዝማች ስብሐት የተባለ የጦር አለቃ ከጉራ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በዚያም ሠፍሮ ቀረ፤ የሠፈረበትም ምድር «የጉራ ሰዎች አገር» ተባለ።

ይህን አባባል በንቀት መጣል አይገባም። ነገሥታቱ በያዙት አገር ሁሉ ጨዋ የሚባል ሠራዊት ይተክሉ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የጉራጌ ቋንቋዎችም ከግዕዝ፥ ከትግርኛና ከአማርኛ ጋር ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። «ጉራዕ» በ«ዕ» ሲጨርስ «ጉራጌ» ይህን የጕሮሮ ድምፅ ስለ ምን አጣ ብሎ የሚከራከር ቢኖር፥ አማርኛም ሆነ አብዛኞቹ የጉራጌ ቋንቋዎች የጕሮሮውን ድምፅ ከጣሉት ብዙ ዘመን ስለሆነ ክርክሩ አያዋጣውም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ይሄዳል።

ስም ከቦታ ተነሥቶ በጦር አለቃ ጫንቃ ላይ ሩቅ አገር መድረሱም በሌላው ዓለም የታየ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ የስኮትላንድ ሰው ነበረ፤ «ብሩስ» የሚለው የቤተ ሰቡ ስም ግን ከስኮትላንድ የበቀለ አይደለም። በፈረንሳይ አገር፥ በኖርማንዲ፥ ብሪክስ ከሚባል መንደር የወጡ መኳንንት ስማቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ፤ በ1124 በፈረንጆች ዘመን ገደማ የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ አናንዴል የሚባለውን ምድር ከእነርሱ ለአንዱ ሰጠው። ከዚህ ቤት የተወለደው ሮበርት ብሩስ ራሱ የስኮትላንድ ንጉሥ ሆነ፤ በባነክበርን የእንግሊዝን ጦር ድል ያደረገበትም ዓመት ዓምደ ጽዮን ዙፋን ላይ የወጣበት 1314 ነው። የዘመኑ መግጠም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የሁለቱ ስሞች ታሪክ ግን በአካሄዱ ይመሳሰላል። ልዩነቱ በማስረጃው ላይ ነው። የብሩስ ቤት ምድሩን የተቀበለበት ጽሑፍ ስላለ ስሙ ከየት ወደየት እንደ ተጓዘ በብራና ይነበባል። የእኛው በቃል የወረደ ነው፤ ቃልም ምንም እንኳ የተከበረ ቢሆን በየዘመኑ የተናጋሪውን ፍላጎት እየተቀበለ የሚያድግ ነገር ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። «ጌ» አገር ማለት ነው ከተባለ የማን ቋንቋ ነው? ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ»፥ ቋንቋቸውንም «ጌይ ሲናን» ይሉታል። እንግዲህ ይህ ቃል የሚያመለክተው ወደ ምሥራቅ እንጂ ወደ አካለ ጉዛይ አይደለም። ከትግራይ ወገን የመጣ ሠራዊት ሠፈሩን ራሱ ሰይሞት ቢሆን ኖሮ «ዓዲ» ባለው ነበር። ስለዚህ የጉራው ታሪክ ልክ ነው ብንል እንኳ ስያሜውን የሰጠው መጪው ጦር ሳይሆን አስቀድሞ በዚያ ምድር ይኖር የነበረው ሕዝብ ነው ማለት ይሆናል። ይህ ከሆነ ደግሞ ሕዝቡ ከጦሩ በፊት ነበረ፤ የጦሩ መምጣት የሕዝቡ መነሻ ሊባል አይችልም። ፍቺው ሊያስረዳ የተነሣውን ነገር ራሱ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ፍቺ «ግራ» እና «ጌ» ይላል፤ ንጉሡ ፊቱን ወደ አንድ ወገን መልሶ ሲቆም በግራው በኩል የሚገኝ አገር ማለት ነው። ጉራጌ ከሸዋ በስተ ደቡብ ነውና ደቡብ በግራ የሚሆነው ፊቱን ወደ ምዕራብ ላዞረ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ሥርዓት ደግሞ ሰው አቅጣጫ የሚለይበት ታላቁ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለጸሎት የሚቆመውም ወደ ምሥራቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደቡብ በቀኝ እንጂ በግራ አይውልም። «ግ» ወደ «ጉ» የተለወጠበትንም ምክንያት ፍቺው አይናገርም። ይህን ፍቺ የሚደግፉ ሰዎች አቋቋሙን እንደ ስሙ ያዘጋጁታል እንጂ ስሙን ከአቋቋሙ አላገኙትም። «ጉራ» በአማርኛ ትምክሕት ማለት ነው እያሉ የሚቀልዱም አሉ፤ ይህ የጨዋታ ቤት ነገር ስለሆነ እናልፈዋለን።

ስሙ ጥንታዊ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ በፈረንጆች ከ1520 እስከ 1526፥ በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሕዝብ በስሙ ጠቅሶታል። ቄሱ የሰማውን የሰማው በቤተ መንግሥት ዙሪያ ነው። ይህም ወደ ዋናው ነጥባችን ያደርሰናል፤ «ጉራጌ» ከውጭ ሆነው ሲያዩት የሚሰጥ ስም ነበረ። በውስጥ ያለው ሰው ማን ነህ ቢሉት ቤቱን ይናገር ነበር፤ ቸሀ፥ እዣ፥ ጉመር፥ እነሞር፥ ጌቶ፥ እንደጋኝ፥ ሙህርና አክሊል፤ ይህ ሰባት ቤት የሚባለው ነው። ከቡታጅራ ወገን መስቃን፥ በስተ ሰሜን ክስታኔ አለ። «ክስታኔ» «ክርስቲያን» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ያ ሕዝብ ራሱን የጠራው በጉራም በግራም ሳይሆን በሃይማኖቱ ነው።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ይህን ነገር ሳያዩት አልቀሩም። አሜሪካዊው ዊሊያም ሻክ በ1966 በፈረንጆች ዘመን ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ በርእሱ ላይ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ይለዋል፤ ይህም ሕዝቡን ከስሙ ይልቅ በሚበላው ተክል ለይቶ ማወቅ ነው። ብልህ አስተያየት ነው፤ ነገር ግን እንሰት የከምባታም፥ የሐዲያም፥ የሲዳማም ስለሆነ ወሰን አያበጅም። ቮልፍ ሌስላው በ1979 በሦስት ታላላቅ ጥራዞች ባወጣው የጉራጌ መዝገበ ቃላት ውስጥ አሥራ ሁለት የንግግር ዐይነቶችን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ዘርዝሯል። የዚህ ሰው ድካም በእውነት የሚደነቅ ነው። ከባዱን ጥያቄ ያነሣው ግን ሮበርት ሄትስሮን ነው። በ1972 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ጉራጌ እየተባሉ የሚጠሩት ቋንቋዎች ከአንዲት እናት ቋንቋ በቀጥታ የተወለዱ ወንድማማቾች አይደሉም። ስልጤ፥ ወለኔና ዛይ ከሐረሪ ጋር ይመደባሉ፤ በዘር ሐረጉም ከቸሀ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባሉ። ቸሀና ክስታኔ ደግሞ ዛሬ ከጠፋው ከጋፋት ጋር በሌላው ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። እንግዲህ አንድ ጦር ከአንድ ስፍራ ወርዶ ይህን ሁሉ ሕዝብ ወለደ የሚለው ታሪክ በቋንቋ ሚዛን ሲመዘን ይቀላል። የስልጤዎች የቃል ታሪክ ሐጂ አሊዬን እያነሣ ወደ ምሥራቅ ማመልከቱም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ስም የነዋሪውን ዘር አይመሰክርም የምንልበትን ምክንያት ለማየት የሁለቱን ከተሞች ስም መመልከት ይበቃል። «ወልቂጤ» በኦሮምኛ ሲነበብ እኩል፥ አቻ ማለት ነው። «ቡታ» በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ የእርድ በዓል ሲሆን «ጅራ» ማለት አለ ማለት ነው፤ ቡታጅራን በዚህ መንገድ የሚፈታ ሰው አልተሳሳተም ሊባል ይችላል። ታዲያ ሁለቱ ስመ ጥር የጉራጌ ከተሞች ስማቸው በኦሮምኛ ስለ ተፈታ ነዋሪዎቻቸው ኦሮሞ ናቸው የሚል ማን ነው? በከተማ ስም ላይ የማይሠራውን ክርክር በሕዝብ ስም ላይ ማቆም አይገባም። ጎረቤት ለጎረቤት ስም ማውጣቱ የቈየ ነገር ነው።

ስለ ስሙ ስፋት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። በስኮትላንድ አንድ የቤተ ሰብ ስም በየትኛው አውራጃ ስንት ሰው እንደ ተሸከመው ከመዝገብ ላይ ይቈጠራል፤ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳልና። «ማክ» ማለት ልጅ ማለት ሲሆን ጥንት የአባትን ስም ብቻ ያመለክት ነበር፤ በኋላ ደርቆ የትውልድ ሁሉ ስም ሆነ። የእኛ አልደረቀም። በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተከራከረችው ጉራጌ የምትታወቀው «የቃቄ ውርድወት» ተብላ ነው፤ የቃቄ ልጅ ውርድወት ማለት ነው፤ አባት ይቀድማል፥ ልጅ ይከተላል። ይህ «የ» ከስኮቱ «ማክ» ጋር በሥራው አንድ ቢሆንም ወደ ልጅ ልጅ አልተሻገረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ሰብ ስም፥ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ የቤተ ሰብ ስሙ ግን በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ቀረ፥ ወደ ሕዝቡ አልወረደም። ዛሬም በመታወቂያ ላይ የሚሠፍረው የራስ፥ የአባትና የአያት ስም ነው። አራተኛው አባት በእያንዳንዱ ትውልድ ከወረቀቱ ይወድቃል። አያቱ ከእነሞር ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው የልጁ ልጅ በስሙ ላይ እነሞርን የሚያሳይ አንዲት ፊደል የለውም።

ስለዚህ ያለን ቍጥር ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደ ነገረ የተመዘገበው ብቻ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ጉራጌ ነኝ ያለው ሕዝብ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበረ። በዚያው ቈጠራ አዲስ አበባ ከነበራት 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከመቶው 16 የሚያህለው ጉራጌ ነው፤ ይህም ከአራት ጉራጌ አንዱ ያህል በዋና ከተማዪቱ ተቈጠረ ማለት ነው። ወልቂጤ ያን ጊዜ ከ30 ሺ ያነሰ፥ ቡታጅራም ከ30 ሺ ጥቂት የበለጠ ነዋሪ ነበራቸው፤ ሁለቱ ተደምረው በአዲስ አበባ ያለውን ጉራጌ ሰባተኛ ያህል ቢሆኑ ነው። ስሙ በብዛት የሚነገርበት ስፍራ እንሰቱ ከሚበቅልበት ርቋል። «ጉራጌ» የሚለው የጋራ ስም ከየቤቱ ስም በላይ የጠነከረውም በከተማ ይመስለናል። ቸሀውም ክስታኔውም አዲስ አበባ ሲደርስ የከተማው ሰው አልለየውም፤ ሁሉንም በአንድ ስም ጠራው፤ ከዚያም አልፎ ስሙን የሸክም ሥራ መጠሪያ አደረገው። የተሰደቡበትን ስም አንሥተው መተባበሪያ ያደረጉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ሲዋጣ የየቤቱ ሰው በአንድ ማኅበር ተገናኝቷል። ለዚህ ስም ትርጉም የሚፈልግ ሰው ከጉራ ሜዳ ይልቅ የመዋጮውን ደረሰኝ ቢመረምር ብዙ ነገር ያገኛል።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ ጉራጌ ነህን ተብሎ በድምፅ ተጠይቆ አይደለሁም አለ፤ የራሱንም ዞን አገኘ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በሁለቱም ወገን የቀረበው ክርክር አብዛኛው የስምና የትውልድ ክርክር ነበረ፤ ውሳኔውን የሰጠው ግን ፍቺ ሳይሆን የሕዝብ ድምፅ ነው፤ ደግሞም የተገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። በቋንቋ ጥናት መጻሕፍት «ምሥራቅ ጉራጌ» የሚባሉት ስልጤ፥ ወለኔና ዛይ ናቸው፤ በአዲሱ ዞን ያሉት መስቃንና ሶዶ ግን በሄትስሮን አከፋፈል አንዱ ከምዕራብ፥ ሌላው ከሰሜን ወገን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዞኑን በመልክዐ ምድሩ ሰይሟልና ስሕተት አልሠራም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲያ መጽሐፉን ከካርታው ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ተማሪ «ምሥራቅ ጉራጌ» የሚለውን ባየ ቍጥር መምህሩ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።