«ሙሉ አካል ያለው» ወይን ጠጅ፤ በአንድ የቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

ቀይ ወይን ጠጅን ከምግብ ጋር ለማስማማት በሚጻፉ የአማርኛ መግለጫዎች ውስጥ ከባዕድ ቋንቋ በቁማቸው የተገለበጡ ሁለት ሐረጎች ያጋጥማሉ፤ አንዱ «ሙሉ አካል ያለው»፣ ሁለተኛው «መዋቅር ያለው» የሚል ነው። የምንነቅፋቸው ባዕድ ስለ ሆኑ አይደለም፤ መጠጡን ለሚመርጠው ሰው አንዳች ስለማይነግሩት ነው።

«አካል» ገላን ወይም የአንድን ነገር ክፍል እንጂ መጠጥ በአፍ ውስጥ የሚሰጠውን ክብደት አያመለክትም። ለዚህ ስሜት አማርኛ የራሱ ቃል አለው። ጠላን ከቅራሪ፣ አቦልን ከበረካ የሚለይ ጠጪ «ወፍራም» እና «ቀጭን» ይላል። እንግዲህ «ወፍራም ቀይ ወይን ጠጅ» ቢባል ማንም ይረዳዋል።

«መዋቅር» ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። በወይን ጠጅ ረገድ ጽንሰ ሐሳቡ የታኒን፣ የኮምጣጣነትና የአልኮል ሚዛን ነው። ከሦስቱ ለምግብ መራጩ እጅግ የሚያስፈልገው ታኒን ነው። ታኒን ከወይን ፍሬ ልጣጭና ዘር የሚወጣ ሲሆን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ምላስን ያኮማትራል። ስብ ያለው የበሬ ጥብስ ሲቀርብለት ይለዝባል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ሲገጥመው ግን እርሱም ሆነ የአልኮሉ ማቃጠል ይጎላል። «መዋቅር» የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይገልጥም።

ስሜቱን «ደረቅ» ለማለት የሚሹ አሉ። ነገር ግን በጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ሲባል ደረቁ ኀይለኛው ጠጅ ነው፤ በወይን ጠጅ ግን ቃሉ ስኳር የሌለበትን ለመሰየም ውሏል። ሦስተኛ ትርጉም ብንጭንበት ድንግርግሩን እናበዛለን። «መራራ» ማለትም አይበጅም፤ መራራነት የጌሾ ጠባይ ነው፤ ማኮማተር ሌላ ነው።

ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ሰው ጭንቀት ብቻ አይደለም። በዝዋይ የተመረተውና እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው ቀይ ወይን ጠጅ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ ከተባሉ ዝርያዎች የተጠመቀ ነው። ጠርሙሱ የዝርያውን ስም ይነግረናል፤ የካበርኔ ሶቪኞን ታኒን ከሜርሎ በአብዛኛው የሚበረታ መሆኑን ለእንግዳ ማስረዳት ግን የአስተናጋጁና የተርጓሚው ፋንታ ነው።

ቃሉ ከወዴት ይምጣ? በእኛ አስተያየት ከወይን አገር ብቻ መፈለግ አይገባም። ከአዋሽ ለሚነሣው የባቡር ሐዲድ መድረሻ እንድትሆን የታቀደችው ሐራ፣ በጉባ ላፍቶ ቆላ የምትገኝ የማሽላ አገር ናት። ፍሬያቸው ቡናማ የሆኑ አንዳንድ የማሽላ ዓይነቶች በታኒን ብዛት የተነሣ ወፍ ብዙም አይደፍራቸውም። ይኸው ቅመም በወይን ጠጅም በማሽላም ምላስን ይይዛል። ስለዚህ የሚቀምሰውን እህል ከነጠባዩ የሚያውቀው ገበሬ ስሜቱን የሚጠራበት ቃል ሳይመዘገብ፣ ከጠረጴዛ ላይ አዲስ ስያሜ መፍጠር መቸኮል ነው።

እስከዚያው ድረስ ለቅመሙ «ታኒን»፣ ለስሜቱ «አኮማታሪ»፣ ለክብደቱ «ወፍራም» ማለትን እንመርጣለን። «ወፍራምና አኮማታሪ ቀይ ወይን ጠጅ፤ ለጥብስ የሚስማማ» የሚል መግለጫ ያነበበ ሰው ምን እንደሚያዝ ያውቃል። ቃል ሰብሳቢዎቻችን ግን ወደ ሐራ ገበያ ወርደው የማሽላ ሻጮችን ቢጠይቁ፣ ከእኛ «አኮማታሪ» የሚሻል ቃል ይዘው መመለሳቸው አይቀርም ብለን እናምናለን።