በፎቶግራፍ ላይ ስለሚጻፍ ስምና ዘመን

ሠዓሊ ሥራውን ሲፈጽም በሸራው ማዕዘን ላይ ስሙንና ዓመቱን ይጽፋል፤ ተመልካቹም ያንን አይቶ ያምናል። ሸራው አንድ፣ የሠራውም እጅ አንድ ስለ ሆነ ብዙ የሚያጠራጥር ነገር የለበትም። የፎቶግራፍ ነገር ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ ይወለዳልና፤ መጀመሪያ ብርሃን በኔጋቲቩ ላይ ሲያርፍ፣ ሁለተኛም በጨለማው ክፍል ውስጥ ከኔጋቲቩ ወደ ወረቀት ሲታተም ነው። በሁለቱ ልደቶች መካከል ያለው ጊዜ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ አርባ ዓመትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ከሥራው በታች አንድ ዓመት ብቻ ጽፎ ሲፈርም የመዘገበው የትኛውን ልደት ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ለምርመራችን የተሻለ ምሳሌ የሚሆነን አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ (1902–1984) «የጨረቃ መውጣት በሄርናንዴዝ፣ ኒው ሜክሲኮ» ብሎ የሰየመው ሥራ ነው። አዳምስ አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም በመኪና ወደ ሳንታ ፌ ከተማ ሲመለስ በመንገድ ዳር ያለችውን ትንሽ መንደር አየ። ጨረቃ ከተራሮቹ በላይ ወጥታለች፤ በመቃብሩ ቦታ የተተከሉት ነጫጭ መስቀሎችም የምትጠልቀውን ፀሓይ የመጨረሻ ብርሃን ተቀብለው ያበራሉ። መኪናውን አቁሞ ካሜራውን በጥድፊያ ተከለ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ቢያጣው፣ አስቀድሞ የሚያውቀውን የጨረቃን የብርሃን መጠን መሠረት አድርጎ አነሣ። ሁለተኛ ለማንሣት ሲሰናዳ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፍቶ ነበር።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያስታወሰው ሰው ያነሣበትን ቀን ግን አልመዘገበም። በኋላም ለዚህ ሥራ ከ1940 እስከ 1944 ድረስ የተለያየ ዓመት ሲሰጠው ኖረ። ነገሩን የፈቱት የሥነ ፈለክ ዐዋቂዎች ናቸው። ዴቪድ ኤልሞር ከጨረቃዋ አቀማመጥ ተነሥቶ ቀኑ ኦክቶበር 31 ቀን 1941 መሆኑን አሰላ፤ በ1991 ደግሞ ዴኒስ ዲ ቺኮ ስሌቱን እንደ ገና መርምሮ በማግሥቱ፣ ኖቬምበር 1 ቀን መሆኑን አስታወቀ። እንዲህ ሆኖ ሰማይ ራሱ ለኔጋቲቩ መሰከረለት።

ለቅጂውስ ማን ይመስክር? አዳምስ ከዚያች አንዲት ኔጋቲቭ በዘመኑ ሁሉ ከ1300 የሚበልጡ ቅጂዎች አትሟል። በ1948 የኔጋቲቩን የታችኛውን ክፍል በመድኃኒት አጥቦ አጠነከረው። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ ሰማዩ ግራጫ መልክ አለው፤ ቀጫጭን ደመናዎችም በላዩ ይታያሉ። በኋለኞቹ ላይ ግን ሰማዩ ወደ ፍጹም ጥቁረት ቀርቧል፤ የላይኞቹ ደመናዎች ጠፍተው ጨረቃዋ በጨለማው መካከል ብቻዋን ቀርታለች። በእኛ አስተያየት የፊተኛው አንድ መንደር ሲመሽ ያሳያል፤ የኋለኛው ግን ስለ ሞትና ስለ ብርሃን የተደረሰ ዝማሬ ይመስላል። ኀይል ያለው የኋለኛው ነው፤ ለዚያች ምሽት የሚቀርበው ግን የፊተኛው ይመስለናል። ስለዚህ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት ሥራዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአንድ ቀን መሳሳት ለሐያሲ ብዙም አይጐዳውም። የጐደለው የቅጂው ዘመን ግን ይጐዳዋል። አንድ ተማሪ ጥቁሩን ሰማይ አይቶ «አዳምስ በ1941 ዓለምን እንደዚህ አጨልሞ ያይ ነበር» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት ላይ ይወድቃል፤ ያንን ጥቁረት የፈጠረው ብዙ ዘመን የኖረውና ብዙ ያሰበው የኋለኛው አዳምስ ነውና። ታላቁን ጥበበኛ ብናከብረውም፣ ሐሳቡ እንዴት እንዳደገ የምናይበትን መንገድ በዚህ ቸልታው አጥቦብናል ከማለት አንመለስም።

«ሥራው ካማረ ዘመኑ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይታጣም። ነገሩ ግን የውበት ብቻ ሳይሆን የእምነትም ነው። ገዢዎች በተነሣበት ጊዜ አካባቢ ለታተመው ቅጂ የበለጠ ዋጋ ይከፍላሉና ዝምታ ለአታላይ በር ይከፍታል። ልዊስ ሃይን በአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን ሕፃናት እያነሣ ለሕዝብ ያሳየ ሰው ነበር፤ በ1940 በድኽነት ሞተ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን በስሙ ከተሸጡት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ሲመረመሩ፣ ወረቀታቸው እርሱ ከሞተ በኋላ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የገባ የማንጫ ቅመም ያለበት ሆኖ ተገኘ። በስሙ የቀረበው ሥራ ሰውየው ከተቀበረ በኋላ በተሠራ ወረቀት ላይ ታተመ ማለት ነው። የድኾችን እውነት ለማሳየት የደከመ ሰው ስም ለሐሰት መሣሪያ ሲሆን ከማየት የበለጠ የሚያሳዝን ምን አለ?

መልካሙም ምሳሌ አልጠፋም። ኤድዋርድ ዌስተን በ1958 ከሞተ በኋላ ልጁ ኮል የአባቱን ኔጋቲቮች ሲያትም፣ ኔጋቲቩ የኤድዋርድ፣ ቅጂው የኮል መሆኑን ለይቶ ያሳውቅ ነበር። በ1971 የሞተችው የዳያን አርበስ ሥራዎችም በኒል ሴልከርክ እጅ ሲታተሙ፣ በጀርባቸው የሚፈርሙት በሟቿ ስም ሳይሆን ልጇ ዱን አርበስ በራሷ ስም ነው። በእነዚህ ቅጂዎች ፊት የቆመ ተመልካች የማንን ዐይንና የማንን እጅ እንደሚያደንቅ ዐውቆ ያደንቃል።

እንግዲህ ሥራውን ለጥበብ ብሎ ለሚያትም ሰው ምን እንመክራለን? ስሙን፣ የሥራውን ርእስ፣ የተነሣበትን ዓመትና የታተመበትን ዓመት ለየብቻ ይጻፍ። የቅጂዎቹን ብዛት ወስኖ ከሆነ 3/25 ብሎ ከሃያ አምስቱ ሦስተኛው መሆኑን ይግለጽ። በተራ ወረቀት ጀርባ ላይ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ ተጭኖ የጻፈ እንደ ሆነ ግን ምልክቱ በፊት በኩል ይወጣል። ፕላስቲክ በተቀባ ወረቀት ላይ እርሳስ ስለማይይዝ የማይለቅ ቀለም ያስፈልጋል። በዙሪያው ባለው የካርቶን ክፈፍ ላይ ብቻ የተጻፈ ፊርማም ክፈፉ ሲለወጥ አብሮ ይጠፋልና፣ ምስክሩ ከራሱ ከቅጂው ጋር ይኑር።

ይህ ምክር ለእኛ አገር በእጥፍ ያስፈልጋል። የዘመን አቆጣጠራችን ከኤውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ «1948» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ የየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ሲያልፍ ዕውቀቱ አብሮት ያልፋል። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የተከማቹትን ፎቶግራፎች የሚጠብቁ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት፣ ለነገው የታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ውለታ ይውላሉ። የጥንት ጸሐፍቶቻችን የብራና መጽሐፍ ጽፈው ሲፈጽሙ የጸሐፊውንና ያስጻፈውን ሰው ስም፣ አንዳንድ ጊዜም በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተጻፈ በመጨረሻው ገጽ ላይ ማኖር ልማዳቸው ነበር። የመጽሐፉን ነገር ከእነርሱ በፊት የደረሰው ሌላ ቢሆንም፣ ይህች ቅጂ የእኔ እጅ ሥራ ናት ማለትን አላፈሩበትም። ፎቶግራፍ አንሺዎችም ከዚያ የመጨረሻ ገጽ የሚማሩት አለ እንላለን።