በጨዋታ የሚለመድ መድኃኒት አሰጣጥ፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለየትኛው ተግባር ነው?

መግቢያ

«በሰው ሕይወት መጫወት» የሚለው አነጋገር በሕክምና ሙያ ለተሰማራ ሰው ከወቀሳዎች ሁሉ የከበደው ነው። በመሆኑም የነርሲንግ ተማሪዎች መድኃኒት አሰጣጥን በኮምፒውተር ጨዋታ እንዲለማመዱ የሚያደርግ ዘዴ ሲቀርብ አንዳንድ ነባር መምህራን ቢያመነቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ዘዴው ሊመዘን የሚገባው በስሙ ሳይሆን በሥራው ነው። ጨዋታ ለቁም ነገር ትምህርት አይበጅም ብሎ መደምደም እንደማይቻል ሁሉ፣ ተማሪዎች ስለ ወደዱት ብቻ ይበጃል ብሎ መቀበልም አይቻልም። ዋናው ጥያቄ ጨዋታው ነጥብ የሚሰጠው ለየትኛው ተግባር ነው የሚለው ነው። ተማሪ ነጥብ ያገኘበትን ነገር ይደጋግማል፤ የደጋገመውንም ወደ ሕመምተኛው አልጋ ይዞ ይሄዳል።

የጨዋታዎቹ ይዘትና በጎ ጎን

ለቁም ነገር የሚዘጋጅ ጨዋታ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ክላርክ አብት በዚሁ ርእስ የታወቀ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። በነርሲንግ ትምህርት ዘዴው ከጥያቄና መልስ ካርዶች ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። ዛሬ ያሉት የመድኃኒት አሰጣጥ ጨዋታዎች መልካቸው ቢለያይም አጥንታቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ይኸውም ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ የአሰጣጥ መንገድ እና ትክክለኛ ሰዓት የሚሉት አምስቱ መመዘኛዎች ናቸው። ተማሪው ትእዛዙን ያነባል፤ ከዝርዝር ውስጥ መድኃኒት ይመርጣል፤ መጠኑን ያሰላል፤ ይሰጣል፤ ወዲያውኑም ውጤቱን ያያል።

የዚህ ጥቅም ቀላል አይደለም። 3.2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጨቅላ ሕፃን በኪሎ ግራም 5 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን በቀን አንድ ጊዜ ታዟል እንበል። የሚያስፈልገው 16 ሚሊ ግራም ነው። አምፑሉ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚቀዳው 0.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። የነጥቧ ቦታ ከተዛነፈ ግን ውጤቱ 4 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሙሉ አምፑል ይሆናል። ይህን ስሌት በጨዋታ ሃምሳ ጊዜ ተሳስቶ ሃምሳ ጊዜ የታረመ ተማሪ፣ አንድም ሕፃን ሳይጎዳ ተምሯል። በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ የታየ ምሳሌ ይህን ያህል ልምምድ አይሰጥም።

ሆኖም እዚሁ ላይ የመጀመሪያው ጉድለት ይታያል። ልምድ ያላት ነርስ ስሌቱን ብትስት እንኳ ለአንድ ጨቅላ ሁለት አምፑል ልትሰብር ስትል እጇ ይቆማል፤ የአምፑሉ ቁጥር ራሱ ያስጠነቅቃታል። ባዶ ሳጥን ውስጥ ቁጥር አስጽፎ «ትክክል» ወይም «ስህተት» የሚል ጨዋታ ይህን የእጅና የዓይን ጥንቃቄ አያሠለጥንም። አምፑሎቹን፣ ሲሪንጁንና የሕፃኑን ክብደት በአንድነት የሚያሳይ ጨዋታ ግን ሊያሠለጥን ይችላል። ልዩነቱ የቴክኖሎጂ ሳይሆን የአሳብ ነው።

ማስረጃው ምን ያህል ይደግፋል?

የኮክሬን ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የታደሰ እትም በጤና ባለሙያዎች ትምህርት ላይ ስለሚውሉ ጨዋታዎች መመዘኛውን አሟልተው ያገኛቸው በዕጣ የተመደቡ ንጽጽራዊ ጥናቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ድምዳሜውም የጨዋታን ጥቅም ማረጋገጥም ማስተባበልም አይቻልም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ግምገማ 30 ጥናቶችን መርምሮ፣ ጨዋታ በዕውቀትና በክህሎት ረገድ ከሌሎቹ ዘዴዎች ቢያንስ እንደማያንስ፣ የማስረጃዎቹ ጥራት ግን በአብዛኛው ዝቅተኛ እንደሆነ አመልክቷል።

የሥልጠና ውጤት አራት እርከኖች እንዳሉት ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው ሚዛን ያስረዳል፤ የሠልጣኙ እርካታ፣ የተገኘው ዕውቀት፣ በሥራ ላይ የታየው የባሕርይ ለውጥ እና በመጨረሻም በተቋሙ ዘንድ የተገኘው ውጤት ናቸው። ስለ ጨዋታ የሚቀርበው ምስጋና በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች ላይ የቆመ ነው። ተማሪው ተደስቷል፤ በፈተናም የተሻለ ውጤት አምጥቷል። በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ስህተት ቀንሷል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ አይመለስም። የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገውና የተግባር ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሽ ድረስ በሲሙሌሽን ሊተካ እንደሚችል ያሳየው ጥናትም ቢሆን ለኮምፒውተር ጨዋታ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ያ ውጤት የተገኘው የሠለጠኑ መምህራን ባሉበት፣ ከየልምምዱ በኋላም ሰፊ ውይይት በተደረገበት ሁኔታ ነው።

በጨዋታው ውስጥ የማይገኘው አደጋ

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ስድስት ሕፃናት ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ሄፓሪን ተሰጥቷቸው ሦስቱ ሕይወታቸው አልፏል። የሕፃናቱ የደም ሥር ቱቦ እንዳይደፈን ለማጠብ የሚያገለግለው በሚሊ ሊትር 10 ዩኒት የያዘው ብልቃጥ በሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ 10,000 ዩኒት የያዘው ተቀምጦ ነበር። የሁለቱም መለያ ወረቀት ሰማያዊ ቀለም ነበረው። በተከታዩ ዓመት ተመሳሳይ ስህተት በሎስ አንጀለስ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ደርሶ፣ የአንድ ታዋቂ ተዋናይ መንትያ ጨቅላዎች ለጥቂት ተርፈዋል።

ይህ አሳዛኝ ታሪክ በአምስቱ መመዘኛዎች ሲታይ ሕመምተኛው ትክክል ነበር፤ የመድኃኒቱ ስም ትክክል ነበር፤ የአሰጣጥ መንገዱና ሰዓቱም ትክክል ነበሩ። የተሳሳተው መሳቢያው ነው። በጨዋታ ውስጥ ግን መሳቢያው ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ መለያ ወረቀቱ ጎላ ብሎ ተጽፏል፤ የሐኪሙ ጽሕፈት ይነበባል፤ ብርሃኑም በቂ ነው። ተማሪው ሳያውቀው የሚማረው ሥርዓቱን ማመንን ነው። መማር የሚገባው ግን ለዓመታት ትክክል የነበረ መሳቢያ ዛሬ ሊሳሳት እንደሚችል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ጸጥታው ነው። በሲድኒ በሁለት ሆስፒታሎች 98 ነርሶች 4,271 መድኃኒቶችን ሲሰጡ የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት፣ ከመድኃኒት አሰጣጦቹ 53.1 በመቶ የሚሆኑት በመሐል መቋረጣቸውን አረጋግጧል። እያንዳንዱ መቋረጥ ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ የስህተት ጭማሪ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ተማሪውን በስክሪን ፊት ለብቻው አስቀምጦ ሰዓት የሚቆጥርበት ጨዋታ ከዚህ እውነት ጋር አይገናኝም። ይባስ ብሎ ፈጥኖ ለጨረሰ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በደም ሥር የገባ መድኃኒት ግን ቢፈስ አይለቀምም።

ሦስተኛው ጉድለት ከስህተት በኋላ ያለው ነው። በጨዋታ ውስጥ የተማሪውን ስህተት ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል፤ ወዲያውም ነጥብ ይቀንሳል። በሌሊት ተራ ብቻዋን ያለች ነርስ የሳተችውን ግን ብዙ ጊዜ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሕመምተኛው የሚድነው እርሷ ደፍራ ስትናገር ነው። ስህተትን በቅጣት ብቻ የሚያስተናግድ ጨዋታ ሳይታሰብ መደበቅን ያለማምዳል። ስህተቱን ወዲያው ላስታወቀና ሕመምተኛውን መከታተል ለጀመረ ተማሪ ነጥቡን የሚመልስ ጨዋታ ቢዘጋጅ ትምህርቱ የተሟላ ይሆን ነበር።

በኢትዮጵያ የመኝታ ክፍል ሲመዘን

በውጭ አገር የተሠሩ ጨዋታዎች እንዳሉ ተወስደው በኢትዮጵያ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ቢውሉ ሌሎች ክፍተቶችም ይከሰታሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ሰዓት ነው። በካርድ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር 8 ተብሎ የተጻፈው የጠዋት መድኃኒት በነርሷና በአስታማሚው አንደበት 2 ሰዓት ነው፤ በካርዱ ላይ 2 ተብሎ የተጻፈው ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ደግሞ በቃል 8 ሰዓት ይባላል። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ትክክለኛ ሰዓት የሚለው መመዘኛ በውጭው ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ የቀለለው ሲሆን እዚህ ግን ራሱን የቻለ የስህተት ምንጭ ሊሆን ይችላል።

የሕመምተኛ ማንነትም እንዲሁ ነው። ጨዋታው የእጅ አንጓ መለያና የቤተሰብ ስም አለ ብሎ ይነሣል። በኢትዮጵያ ግን ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ሲሆን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አቶ ተስፋዬዎች ቢተኙ የሚያስደንቅ አይደለም። «አቶ ተስፋዬ እርስዎ ነዎት?» ተብለው የተጠየቁ አዛውንት፣ ጆሯቸው ባይሰማም እንኳ ለነርሷ አክብሮት ሲሉ «አዎን ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። «ስምዎ ከነአባትዎ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቅና የአያትን ስም ወይም የካርድ ቁጥርን ማመሳከር ይህን ያርማል። ይህን ልዩነት ለማስተማር ከጨዋታ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም፤ ነገር ግን ጨዋታው በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የሚናገር ሕመምተኛ ሊኖረው ይገባል።

በተጨማሪም መጠኑን የሚቆጣጠር ፓምፕ በሌለበት ክፍል ፈሳሽ የሚሰጠው ጠብታ በመቁጠር ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ቢታዘዝና ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን በደቂቃ 42 ያህል ጠብታ መቁጠር ያስፈልጋል። አስታማሚ ከውጭ ገዝቶ ያመጣው መድኃኒትም ትናንት ከተሰጠው የተለየ የንግድ ስምና ጥንካሬ ሊኖረው ይችላል። በፓምፕ ቁልፍ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ ለእነዚህ ዝግጁ አይሆንም።

መታረም ያለበት

ከሁሉ በላይ ጨዋታዎቹ አለመስጠትን ማስተማር አለባቸው። በዲጎክሲን ላይ ያለ አዋቂ ሕመምተኛ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ሲወርድ፣ በጾም ላይ ያለ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ሳይቀምስ የምግብ ሰዓቱ ኢንሱሊን ሊወጋ ሲል፣ ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ በደም ሥር እንዲሰጥ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ትክክለኛው መልስ ቆሞ መጠየቅ ነው። ጨዋታው ግን በአብዛኛው የሚያልቀው መድኃኒቱ ሲሰጥ ነው። ከምርጫዎቹ መካከል «ሐኪሙን ልጠይቅ» የሚለው ቢኖርም እንኳ በስክሪን ላይ ተጽፎ ይጠብቃል፤ በእውነተኛው ክፍል ግን ማንም አይጽፍላትም፤ ጀማሪዋ ነርስ ራሷ ማሰብ፣ ከዚያም ነባሩን ሐኪም ፊት ለፊት ለመጠየቅ መድፈር አለባት።

ይህ ደግሞ ኮምፒውተር የግድ የሚፈልግ አይደለም። በትምህርት ቤቱ የተግባር መለማመጃ ክፍል መምህሩ የሚመሳሰሉ ሁለት ብልቃጦችን በአንድ ትሪ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ነጥቧ የማትነበብ ትእዛዝ ቢጽፍ፣ አንዱ ተማሪ አስታማሚ፣ ሌላው ቸኳይ ሐኪም ሆነው ሥራውን እንዲያቋርጡ ቢያደርግ፣ ነጥቡንም ቆሞ ለጠየቀው ቢሰጥ፣ ውድ ከሆነው ጨዋታ የማያንስ ትምህርት ይገኛል።

ማጠቃለያ

በአማርኛ ጨዋታ ማለት ውድድር ብቻ ሳይሆን ወግም ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩት ንግግርም ጨዋታ ይባላል። በመድኃኒት አሰጣጥ ጨዋታዎች ውስጥ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ትርጉም ነው፤ ነርሷ ከሕመምተኛው፣ ከአስታማሚው፣ ከፋርማሲ ባለሙያውና ከሐኪሙ ጋር የምታደርገው ንግግር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳት የማያስከትል የመድኃኒት አጠቃቀምን ዓለም አቀፍ ዘመቻ አድርጎ ሲነሣ ሕመምተኞችን፣ መድኃኒቶችን፣ ባለሙያዎችንና የአሠራር ሥርዓትን በአንድነት ማንሣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ጨዋታን ለስሌትና ለቅደም ተከተል ልምምድ ሊጠቀሙበት ይገባል። ከመቀበላቸው በፊት ግን አዘጋጆቹን ሊጠይቁ የሚገባቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ተማሪው መድኃኒቱን ሳይሰጥ በመቅረቱ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝበት ቦታ በጨዋታው ውስጥ አለን? ከሌለ ጨዋታው ገና አልተጠናቀቀም።