ካቻቢቴ የማይነካው ሥራ

የአዲስ አበባው አፍንጮ በር ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ጎማና ማስቲሽ ያጠነክራል። ከሞተር ሳይክል ሰልባትዮ ላይ የተጣበቀን የጉልበት መደገፊያ ጎማ በካቻቢቴ የሚፈነቅል ሰው ቀለሙንም ይዞት ይነሣል። የማደንቀው ሙቀት የሚያስቀድመውን ባለሙያ ነው። ሰልባትዮው ተፈቶ፣ ቤንዚኑ ተገልብጦ፣ እንፋሎቱም ከወጣ በኋላ የፀጉር ማድረቂያ ማስቲሹን ያለሰልሰዋል። የዓሣ ማጥመጃ ክር በጎማውና በቀለሙ መካከል ገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይሳባል። ጎማው ሽቅብ አይነቀልም፤ ወደ ኋላ ታጥፎ ቀስ እያለ ይላጣል። ቅሪቱን ነጭ ጋዝ የነካ ለስላሳ ጨርቅ ያነሳዋል፣ ያውም በማይታይ ጥግ ከተሞከረ በኋላ። ቲነር ይዞ የሚመጣውን ግን አላምነውም፤ ቲነር ማስቲሹን ከቀለሙ አይለይም። ከሥር የሚወጣው ቀለም ፀሐይ ስላላየው ከዙሪያው ይደምቃል፤ ያን ልዩነት ፖሊሽም ሁልጊዜ አያጠፋውም።