ኮሶ፣ ዓይንና ያልተጻፈው መጠን

ኮሶ በአማርኛ የመድኃኒቱም የበሽታውም ስም ነው። ትሉ ስሙን ያገኘው ከሚያስወጣው ዛፍ ነው፤ መድኃኒት ለበሽታ ስሙን ያወረሰበት እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም። ኮሶ በኢትዮጵያ ደጋ ምን ያህል ከቤት ሳይጠፋ እንደኖረ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሆኖም ስለ ዛፉ የተጻፈውን የሕክምና ጽሑፍ በጥሞና ላገላበጠ ሰው ይኸው ቅርበት ጉዳትም እንዳለው ይታየዋል። ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ብዙው ጸሐፊ ስለ አበባው፣ ስለ ምሬቱና ስለ ታሪኩ ይጽፍና ዋናውን ነገር፣ ሰው ስንት ቢጠጣ ይድናል፣ ስንትስ ቢጠጣ ይጎዳል የሚለውን ይዘለዋል።

ይህ የቤተ መጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በጉኑኖ፣ እንደ መላው ወላይታ ሁሉ፣ ጥሬ ሥጋ በዳጣ መብላት የክብርና የደስታ ማዕድ ነው። በጊፋታና በመስቀል ሰሞን ሰንጋ በጋራ ተገዝቶ ይታረዳል፤ ለዚያም ገንዘብ አስቀድሞ ይጠራቀማል። የቴኒያ ሳጂናታ እጭ በሥጋው ውስጥ ካለ አንድ ያልበሰለ ቁራጭ ይበቃል። ሕክምናው ለጤና ባለሙያ ቀላል ነው፤ ለአዋቂ ኒክሎሳማይድ 2 ግራም በአንድ ጊዜ፣ ወይም ፕራዚኳንቴል በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

ታዲያ ኮሶ ጨርሶ ያልጠፋው ለምንድን ነው? ርካሽነቱና የሰው ፊት ሳያዩ ቤት ውስጥ መጠጣቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት በባለሙያዎች ዘንድ እምብዛም አይነሳም። በኒክሎሳማይድ ወይም በፕራዚኳንቴል የሞተ ትል ብዙውን ጊዜ አንጀት ውስጥ ፈራርሶ ስለሚወጣ በሽተኛው አያየውም፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ግን የወጣውን በዓይኑ ያያል። ክኒን የዋጠ ሰው “አልወጣልኝም” ብሎ በማግስቱ ኮሶ ቢደርብበት የሚያስገርም አይሆንም፤ ምን መጠበቅ እንዳለበት የነገረው የለምና።

ዛፉ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2450 እስከ 3250 ሜትር ባለው ከፍታ የሚበቅል የተራራ ዛፍ ነው። ጉኑኖ ከዚህ ዝቅ ትላለች፤ ለኮሶ የሚስማማው ከፍታ ያለው በዳሞታ ተራራ ነው። ዛፉ በመጨፍጨፍ ብዛት ተመናምኖ፣ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ጥቂት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ሆኖ ነበር። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። የደረቀ አበባ ሲሰነብት ኃይሉ ይቀንሳል። እንግዲህ ከዛፉ ርቆ በሚገኝ ገበያ የሚሸጠው ኮሶ መቼ እንደተቀጠፈ፣ ሴቴው ብቻ ስለ መሆኑም ጠጪው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በእፍኝና በዋንጫ የሚለካ መድኃኒት፣ ዋንጫው አንድ ቢሆንም፣ መጠኑ አንድ አይደለም።

ስለ ኮሶ የተጻፈው ታሪክ ሰፊ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ፤ በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብሬዬ ትል የማስወጣት ኃይሉን ጻፈ። በዚያው ምዕተ ዓመት አበባው በአውሮፓ ፋርማኮፒያዎች ውስጥ ገባ። አገር ቤት በአንጻሩ ኮሶ መሸጥ ዝቅ ያለ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባላንጣዎች ንጉሡን “የኮሶ ሻጭ ልጅ” እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር የታወቀ ነው። መድኃኒቱ በየቤቱ ይፈለጋል፣ ሻጯ ግን ትናቃለች። ይህ ንቀት ሻጮቹ ያውቁት የነበረውን የአለካክ ጥበብ ጠይቆ የጻፈ ሰው እንዳይኖር አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም።

ይህን የታሪክ ማስረጃ አንድ ላይ ለማየት ለሚፈልግ፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የኮሶ ትል ማስወጫዎች ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ ጠቃሚ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ሐኪም ሊማረው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ አሮጌው ልማድ ራሱ ሥርዓት የነበረው መሆኑን ነው። ኮሶ በባዶ ሆድ በማለዳ ይጠጣል፣ ጠጪው ከሥራ ይውላል፣ ደካማና ነፍሰ ጡር ይከለከላሉ። ደንቡ ከአደጋ የተማረ ሕዝብ ያወጣው እንደሆነ ይታወቃል። የታሪክ ጽሑፎች ድካም ግን ከምንጫቸው የሚመጣ ነው። ተጓዥ ኮሶ በየሁለት ወሩ እንደሚጠጣ ይመዘግባል፤ የጠጪውን ዓይን አይመረምርም።

ያንን የመረመረው ሌላ ሰው ነው። በዚያው በ1969 ሮኮስ የተባለ ጸሐፊ በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ላይ በኮሶ መመረዝ ሳቢያ ስለሚደርስ የዓይን ጉዳት ጻፈ። የሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ዓመት መውጣት አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተነጣጥለው መነበባቸው ግን የአንባቢዎቻቸው ጥፋት ነው። የዓይን ጉዳቱ ዘገባ እውነተኛ አደጋ መኖሩን ያሳያል። እንደ ማንኛውም የበሽተኞች ዘገባ ግን ኮሶ ጠጥተው ምንም ያልሆኑት ስንት እንደሆኑ ሊነግረን አይችልም። ይህን ዘገባ ይዘው “ኮሶ ያሳውራል” ብለው የሚደመድሙ ባለሙያዎች ከማስረጃው አልፈው ይሄዳሉ። ለዘመናት የተጠጣ ነገር ጠጪውን ሁሉ ቢያሳውር ኖሮ ተሰውሮ አይቀርም ነበር። በተቃራኒው “አባቶቻችን ጠጥተውት ምን ሆኑ?” የሚሉትም አያሸንፉም፤ የማየት ኃይሉ በከፊል የደከመ ገበሬ ነገሩን ከእርጅና ወይም ከምች ይቆጥረዋል እንጂ ከሦስት ሳምንት በፊት ከጠጣው ኮሶ ጋር አያያይዘውም።

የአደጋው መንገድ በመላምት ብቻ የቆመ አይደለም። የኮሶ ኃይል ያለው ኮሶቶክሲንና ኮሲን በሚባሉ የፍሎሮግሉሲኖል ውሁዶች ውስጥ ነው። ተመሳሳይ ውሁዶች ያሉት የአውሮፓው የፈርን ሥር ለዚሁ ትል ይሰጥ በነበረበት ዘመን የእይታ ነርቭን እንደሚያደርቅ በሚገባ ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሎውና ባልደረቦቹ ኮሶንና እንቆቆን ለጫጩቶች በአፍ ሰጥተው የማየት ችሎታቸው እንደተጎዳ፣ በሬቲናቸውም ላይ ጉዳት እንደደረሰ አሳይተዋል። ጫጩት ሰው አይደለችም፤ ቢሆንም ከሮኮስ ዘገባ ጋር ሲነበብ ክብደት አለው።

ከዚህ ጥናት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይገባም። ጥናቱ በርዕሱ የሚጠራው የእንቆቆ ዓይነት ኤምቤሊያ ሪቤስ ነው። ይህ የሕንዱ አዩርቬዳ “ቪዳንጋ” ብሎ ከጥንት ጀምሮ ለሆድ ትል የሚያዘው ተክል ነው። በኢትዮጵያ እንቆቆ የሚባለው ግን ዘመዱ ኤምቤሊያ ሺምፔሪ ነው። ሁለቱም ኤምቤሊን የተባለውን ውሁድ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ሥጋቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሻገር ምክንያት አለው። ነገር ግን የአንዱን ደኅንነት ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ቪዳንጋ ለረጅም ዘመን በሕንድ አገልግሏልና እንቆቆም አይጎዳም የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ አንደኛ ተክሉ አንድ አይደለም፣ ሁለተኛም የረጅም ዘመን አገልግሎት የዓይን ምርመራን አይተካም።

ከሁሉ ይበልጥ ሊተች የሚገባው ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት እጅግ የበዛው የመድኃኒት ዕፅዋት ቅኝት ነው። አጥኚው ወደ አንድ ወረዳ ይወርዳል፣ የባህል ሐኪሞችን ይጠይቃል፣ ዕፅዋቱን በሰንጠረዥ ይደረድራል፣ ከዚያም የመረጃ ሰጪዎችን ስምምነት የሚያሳይ ቁጥር ያሰላል። ቁጥሩ የሚለካው ስንት ሰው ስለ አንድ ተክል አንድ ነገር እንደተናገረ ነው። ብዙ ጊዜ ግን በመደምደሚያው ላይ ተክሉ ፈዋሽ ለመሆኑ ማስረጃ መስሎ ይቀርባል። በመጠን ዓምዱ ሥር “አንድ ስኒ” ወይም “እፍኝ” ተብሎ ይታለፋል፤ አጥኚው ሚዛን ይዞ ያን እፍኝ ቢመዝነው ከብዙ ስሌት ይልቅ ለሕክምና በጠቀመ ነበር። ስለ ጉዳት የሚጠየቀውም ያው መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ነው፤ የተጎዳው ደግሞ ወደ እርሱ ተመልሶ አይመጣም።

የተሻለ መንገድ እንዳለ ከዚሁ አገር ምሳሌ አለ። መተሬም የኮሶ ትል ማስወጫ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የመተሬን ዘር ጭማቂ ይዘቱ የታወቀና የተመጠነ እንዲሆን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል፤ በ2007 ደግሞ የመርዛማነት ጥናቱ ተከትሏል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚሰጥ ታወቀ፣ ከዚያ ያ መጠን ምን እንደሚያደርስ ተጠየቀ። ኮሶ ከመተሬ ይልቅ ስመ ጥር ሆኖ ሳለ የአይጥና የጫጩት ሙከራዎቹ በሰው ዋንጫ ልክ አልተተረጎሙም።

እስከዚያው ድረስ በጉኑኖ ዓይነት ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ባለሙያ የሚሠራው አለው። ሁለቱም ዓይኖቹ በድንገት የደከሙበት ሰው ሲመጣ በቤት የተጠመቀ አረቄ መጠጣቱ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ኤታምቡቶል መውሰዱ፣ ኪኒን መዋጡ ይጠየቃል። በዚህ ዝርዝር ላይ ኮሶና እንቆቆ መጨመር አለባቸው። አጠያየቁ ግን ይወስናል። “የአበሻ መድኃኒት ወስደሃል ወይ?” ተብሎ በቁጣ የተጠየቀ ሰው “አልወሰድኩም” ይላል። ስንት ዋንጫ፣ ስንት ቀን፣ ከምን ጋር ተቀላቅሎ፣ ትሉ ሳይወጣ ሲቀር ተደግሞ እንደሆነ በረጋ መንፈስ ሲጠየቅ ግን ይናገራል። የእያንዳንዱ ዓይን የማየት ኃይል በሰሌዳ ተለክቶ፣ የብሌኑ ለብርሃን መመለስ ታይቶ ይጻፋል፤ በሽተኛው የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሳይዘገይ ይላካል። ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ጥያቄው እጥፍ ነው፤ ኮሶ በብዛት ተጠጥቶ ጽንስ ለማስወረድም ይውላልና።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም አቀፉ የመድኃኒት ጉዳት ክትትል መርሐ ግብር አባል ሆናለች። ለዚሁ የተዘጋጀው የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ለባህል መድኃኒትም ያገለግላል። ቅጹ ላይ “ኮሶ” ተብሎ ሲጻፍ የተጠጣው ዋንጫ ብዛት አብሮ ቢጻፍ፣ ከተረፈውም አበባ ጥቂቱ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢቀመጥ፣ ከ1969 ጀምሮ የጎደለው ቁጥር መሰብሰብ ይጀምራል።